ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 38

በነርሲንግ ሆም ስለሚኖሩ አረጋውያን የስኳር ማነስ፤ በሜሪላንድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ የነበሩበትንም ቤት አልናገርም። እኔ ያኔ የሌሊት ሺፍት የምሠራ ነርስ ነበርኩ። ከምጠብቃቸው አረጋውያን መካከል የአገሬ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዕድሜያቸው 82 ነው። ስኳር ከያዛቸው ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ደም ግፊት አለባቸው፤ ኩላሊታቸው ደክሟል፤ የመርሳት በሽታም ጀምሯቸዋል። እኔን «ልጄ» ይሉኛል፤ እኔም «እማማ» እላቸዋለሁ።

አንድ አርብ ማታ ሥራ ስገባ እንደ ወትሮዬ «እንዴት አመሹ እማማ?» አልኳቸው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። መዝገባቸውን አየሁ። ከመኝታ በፊት የተለካው ስኳራቸው 104 ነው። ረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን ተወግተዋል። እራታቸውንም 75 በመቶ በልተዋል ይላል። ደስ አለኝ። «ጎበዝ፣ ስኳርዎ ቆንጆ ሆኗል» ብዬ ብርድ ልብሳቸውን አስተካክዬ፣ መብራቱን አጥፍቼላቸው ወጣሁ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ አብራኝ የምትሠራው ሲ.ኤን.ኤ.፣ የነርስ ረዳቷ፣ መጣች፤ እሷም ሐበሻ ናት። «እማማ ይቃዣሉ፤ ከእናታቸው ጋር ነው የሚያወሩት» አለችኝ። «የመርሳት በሽታው ነው፣ ተያቸው ይተኙ» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ግን ከበሩ አልተነሣችም። «ትራሳቸው በላብ ርሷል» አለችኝ። እማማን ለንጋት ያበቃቻቸው ያቺ የራሰች ትራስ ናት። ሄጄ ጣታቸውን ስወጋ መለኪያው ላይ የወጣው ቁጥር 38 ነበር።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ስለ ስኳር የማስበው ሁሉ ተለወጠ። ዛሬም በፊታችሁ ያቆመኝ እሷው ናት።

ወገኖቼ፣ እኛ ስኳር በሽታ ሲባል የምንፈራው ከፍ ማለቱን ነው። ዘመድ ደውሎ «የእናታችን ስኳር 300 ገባ» ካለ ቤቱ ይሸበራል፤ «70 ወረደላት» ካለ ደግሞ «ተመስገን» እንላለን። ይህን ያስተማሩን ሐኪሞቻችን ናቸው፤ የ40 ዓመት ጎልማሳ ከሆነም እውነታቸውን ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር ዓይን ያጠፋል፣ ኩላሊት ያደክማል፣ እግር ያስቆርጣል። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚኖር፣ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ አዛውንት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለእሱ ዛሬ ሌሊት የሚያሰጋው የወረደው ስኳር ነው።

ነገሩ በጣም ይመለከተናል። አሜሪካ ውስጥ በነርሲንግ ሆም ከሚኖሩት አረጋውያን ከአራቱ አንዱ፣ በአንዳንዱ ቆጠራም ከሦስቱ አንዱ ያህል ስኳር አለበት። እነዚህን ሰዎች የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ የሚያገላብጠው ማን ነው? እዚህ አዳራሽ ውስጥ በነርሲንግ ሆም የሚሠራ እጁን ያውጣ ብል ግማሻችን የምናወጣ ይመስለኛል። ወላጆቻችንም አርጅተዋል፤ እኛ ሁለት ሥራ እየሠራን ቤት የሚጠብቃቸው ስናጣ እዚያው እያስገባናቸው ነው። በአንድ በኩል ሠራተኛ ነን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ልጅ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንያዝ። የደም ስኳር ከ70 በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል። ከ54 በታች ከሆነ አንጎል ሥራው እየታወከ ነውና አንድ ደቂቃም የሚቆዩበት አይደለም። ከዚያ የባሰው ደረጃ በቁጥር አይለካም፤ ሰውየው ራሱን መርዳት አቅቶት የሌላ ሰው እጅ ካስፈለገው ከባድ የስኳር ማነስ ይባላል። እንግሊዝ ወይም ስዊድን ያሉ ዘመዶቻችሁ በሌላ ስፍር ነው የሚለኩት፤ የእነሱ 3.9 የእኛ 70 ነው፣ የእነሱ 3 ደግሞ የእኛ 54። ስለዚህ ከዚያ ደውለው «ስኳሬ 6 ነው» ቢሏችሁ አትደንግጡ፣ 108 ገደማ ማለታቸው ነው።

አሁን ወደ አንጎል ልምጣ። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ኃይል ግን አንድ አምስተኛውን የሚበላው እሱ ነው። በቀን 120 ግራም ያህል ስኳር ይፈልጋል። ጎተራ የለውም፤ ደም ካመጣለት ይሠራል፣ ካላመጣለት ይቆማል። የሰውነት ጎተራ ጉበት ነው፤ እሱም የሚይዘው 100 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ለሳምንታት ምግብ አልዋጥልህ ያለው፣ የከሳ አዛውንት ጎተራው ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን አስቡት።

በጤናማ ጎልማሳ ላይ ስኳር መውረድ ሲጀምር ሰውነት ኡኡ ይላል። ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ሆድ ይራባል። ይህ ኡኡታ የሚሰማው አንጎል ከመታወኩ በፊት ስለሆነ ሰውየው ተነሥቶ አንድ ነገር ይቀምሳል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ኡኡታው ይደክማል፣ ይዘገያል። በኡኡታውና በአንጎል መታወክ መካከል የነበረው ፋታ እየጠበበ ይሄድና ጨርሶ ይጠፋል። ስኳሩ ደጋግሞ የወረደበት ሰው ደግሞ ሰውነቱ ዝቅተኛውን ስኳር ስለሚለምደው ኡኡታው ይብስ ይዳከማል። በዚህ ላይ እንደ ሜቶፕሮሎል፣ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉት የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች የእጁን መንቀጥቀጥና የልቡን መምታት ይደብቁታል። ላቡን ግን አይደብቁትም። እማማ ሜቶፕሮሎል ይወስዱ ነበር። እጃቸው ቢንቀጠቀጥ፣ ልባቸው ቢመታ ኖሮ ምናልባት እኔም አየው ነበር። የቀረው ምልክት ላብ ብቻ ነበርና እሱም ትራስ ላይ ተገኘ።

ታዲያ አዛውንት ላይ የምናየው ምንድን ነው? ዝም ማለት። ስም መሳት። ምላስ መተሳሰር። ያለ ወትሮ መቆጣት፣ ወይም ያለ ወትሮ መፍዘዝ። ሲነሡ መንገዳገድና መውደቅ። አንዳንዴ በአንድ ጎን መድከም ይመጣና ስትሮክ ይመስላል። የሽንት ኢንፌክሽን ይመስላል፤ የመርሳት በሽታ የባሰ ይመስላል፤ እርጅና ይመስላል። ሁሉንም ስለሚመስል ለሁሉም ሌላ ስም እንሰጠውና እናልፋለን። እኔ አንድ ነገር ይዤ ነው የምኖረው፦ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ አዛውንት ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ፣ ጣቱ ተወግቶ እስኪታይ ድረስ ምክንያቱ የስኳር ማነስ ነው ብዬ እነሣለሁ። መውጋት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሳይወጉ መገመት ግን ሰው ያስከፍላል።

ስለ ቋንቋም ልናገር፤ ይህን ሌላ ሰው የሚነግራችሁ አይመስለኝም። እማማ ትንሽ ትንሽ እንግሊዝኛ ያውቁ ነበር፤ ውሃ፣ ሕመም፣ መታጠቢያ ማለት ይችላሉ። ያን ሌሊት ግን የወጣቸው አማርኛ ብቻ ነው። ልጅቷ ሐበሻ ባትሆን ኖሮ ከሞቱ እናታቸው ጋር እያወሩ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? «ድምፅ ያሰማሉ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ በቃ። ነርሲንግ ሆም የምትሠሩ ልጆቻችን፣ ከእናንተ ሌላ ማንም የማይሰማው ነገር አለና የሰማችሁትን ሄዳችሁ ንገሩ። ቻርጅ ነርሷ ብትቆጣም ንገሩ። እኔም ያን ሌሊት ልቆጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ስኳሩ ለምን ወረደ? ለዚህ ወደ ኋላ፣ ወደ ካናዳ ልውሰዳችሁ። ኢንሱሊን የተገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ነው፤ ባንቲንግና ቤስት፣ ማክላውድና ኮሊፕ ናቸው ያገኙት። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ፤ ሊሞት የደረሰው ልጅ ተረፈ። ከዚያ በፊት ስኳር የያዘው ልጅ ተስፋ አልነበረውምና ኢንሱሊንን የማወድሰው ከልቤ ነው። አሁን ግን እዩት፤ የመድኃኒቱን ኃይል መለካት ሲያስፈልጋቸው በምን ለኩት? በጥንቸል ነው። 2 ኪሎ የምትመዝንና 24 ሰዓት የጾመች ጥንቸል ትወጋለች፤ ስኳሯ ወርዶ እስክትንፈራገጥ የሚያደርሳት መጠን የመጀመሪያው አንድ ዩኒት ተባለ። ዩኒት የሚለው ቃል ራሱ የተወለደው ከስኳር ማነስ ነው። በኋላ ስፍሩ ተለውጧል። የጾመችው ጥንቸል ግን ከአእምሮዬ አትወጣም፤ ሳይበሉ ኢንሱሊን የተወጉ አዛውንት ባየሁ ቁጥር ትመጣብኛለች።

በነርሲንግ ሆም የጠዋቱ ሥራ እንዴት እንደሚሄድ የምታውቁት ታውቃላችሁ። የሌሊቱ ነርስ ሺፍት ከመቀየሩ በፊት መጨረስ ስላለበት ጣት የሚወጋው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። አጭር ሰዓት የሚሠራው ኢንሱሊንም ያኔውኑ ይሰጣል። ይህ ኢንሱሊን በ15 ደቂቃ ውስጥ ሥራ ይጀምራል፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ጉልበቱ ይበረታል። ትሪው የሚደርሰው ደግሞ 2 ሰዓት ነው፤ ማእድ ቤት ከዘገየ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። መድኃኒቱ ምግቡን አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ቀደመው ማለት ነው። ትሪው ከደረሰ በኋላም ጥያቄ አለ፤ ተበላ ወይ? ክዳኑን ስታነሡት የቀዘቀዘ እንቁላል ነው፣ ጨው የሌለው ገንፎ መሰል ነገር ነው። እድሜ ልካቸውን ቁርስ ፍርፍር የበሉ እናት ሁለት ጊዜ ቀምሰው ይመልሱታል። ኢንሱሊኑ ግን አንዴ ከገባ አይመለስም።

እሑድ ደግሞ ልጆች ይመጣሉ። እንጀራው ይመጣል፣ ወጡ ይመጣል፣ አምባሻው ይመጣል። እናት ደስ ብሏቸው ይበላሉ፤ ስኳራቸው 280 ይሆናል። በወጣው ቁጥር ልክ እየተሰፈረ ኢንሱሊን ይጨመራል፤ ስላይዲንግ ስኬል የሚሉት ይኸው ነው። ዛሬ የበሉትን ለማሳደድ የተጨመረው መድኃኒት ነገ ባልበሉበት ሰዓት ይደርስባቸዋል። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር በ2016 ስለ ነርሲንግ ሆሞች ባወጣው መመሪያ በስላይዲንግ ስኬል ብቻ ማከም ይቅር ብሏል። እዚያው ላይ የአዛውንቱን ምግብ በስኳር ምክንያት አታጥብቡበት ይላል። ልጆች ይህን ስሙ። «ስኳር አለብሽ፣ ይህን አትብዪ» ስንል የምንከለክላቸው ብዙ ጊዜ በቀን ውስጥ የበሉትን ብቸኛ ምግብ ነው። ይብሉ፤ መድኃኒቱ ለሚበሉት ይስተካከል።

እማማ ከዚያች ሌሊት በፊት በነበሩት ወራት 9 ኪሎ ቀንሰው ነበር። የኢንሱሊናቸው መጠን ግን ወፍረው ሳሉ እንደተጻፈው ነበር። የከሳ ሰው የሚበቃው ኢንሱሊን ያንሳል። ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ኢንሱሊንን ከሰውነት ማስወገዱ ይዘገይና የትናንቱ መድኃኒት ዛሬም ሲሠራ ይውላል። ስለዚህ ኩላሊቷ የደከመ እናት ስኳሯ «እየተሻለ» መጣ ሲባል አትቸኩሉ። ስኳሩ የተሻለው ኩላሊቱ ስለባሰበት ሊሆን ይችላል።

ክኒኖቹም አንድ አይደሉም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች አያወርድም ማለት ይቻላል። ግሊበንክላማይድ ግን፣ አገር ቤት ዳኦኒል የምንለው፣ አሜሪካኖች ግላይቡራይድ የሚሉት፣ ለአዛውንት አደገኛ ነው። ሰውየው ቢበላም ባይበላም ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ እያለ ያስገድዳል፤ ደካማ ኩላሊት ባለው ሰው ላይ ደግሞ ሥራው ይረዝማል። ይህን ክኒን የሚወስድ አዛውንት ለሽንት ኢንፌክሽን ባክትሪም ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ሲጀመርለት ስኳሩ በድንገት ሊወድቅ ይችላል። የሽንት ኢንፌክሽን በነርሲንግ ሆም የዕለት ጉዳይ ነው። አዲስ አንቲባዮቲክ ተጀመረ ሲሏችሁ «ከስኳር ክኒኗ ጋር ይስማማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አረጋውያንን ስለሚጎዱ መድኃኒቶች ሲነገር ሳይነሡ የማይቀሩት ዶክተር ማርክ ቢርስ ናቸው። በ1991 ከባልደረቦቻቸው ጋር ለነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች የማይመቹ መድኃኒቶችን ዝርዝር አወጡ፤ ዛሬ ያ ዝርዝር በስማቸው ይጠራል፣ የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበርም እያደሰ ያወጣዋል። ግሊበንክላማይድ ከተመዘገበበት ቆይቷል፤ በ2023 በታደሰው ደግሞ የእሱ ቤተሰብ የሆኑት ክኒኖች በሙሉ፣ እነ ግሊሜፒራይድና ግሊፒዛይድ ሳይቀሩ፣ ለአዛውንት መጀመሪያ የሚመረጡ እንዳይሆኑ ይመክራል። ዶክተር ቢርስ ራሳቸው የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። በ2009 ያረፉትም በዚሁ በሽታ መዘዝ ነው፤ ገና 54 ዓመታቸው ነበር።

«እንዲህ ያለው ነገር ስንት ሰው ላይ ይደርሳል?» ትሉ ይሆናል። ከ2007 እስከ 2009 ባለው ጊዜ፣ እዚህ አሜሪካ 65 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች መካከል መድኃኒት ጎድቷቸው በድንገተኛ ክፍል በኩል ሆስፒታል የሚተኙት በዓመት ወደ 100,000 ይጠጉ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ሩብ ያህሉን ያስተኟቸው ኢንሱሊንና የስኳር ክኒን ናቸው። በሜዲኬር ከሚታከሙት አረጋውያን ደግሞ በ2011 ስኳር ወርዶባቸው የተኙት ስኳር ወጥቶባቸው ከተኙት በልጠው ተገኙ። የፈራነውን ስንሸሽ ያልፈራነው ያዘን።

ስኳርን አጥብቆ ማውረድ ዕድሜ ይጨምር እንደሆነ በትልቅ ጥናት ተሞክሯል። አኮርድ የተባለው ጥናት ከ10,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ተነሣ። ከፊሎቹ የሦስት ወር ስኳራቸው፣ ኤዋንሲ የምንለው፣ ከ6 በታች እንዲወርድ ተደረገ። በየካቲት 2008 ይህ ክፍል ከጊዜው በፊት ቆመ፤ ስኳራቸው በኃይል እንዲወርድ በተደረጉት ላይ ሞቱ በዝቶ ነበርና። እነዚያ ሰዎች በአማካይ ገና 62 ዓመታቸው ነበር። ለ85 ዓመት እናታችሁ «ኤዋንሲዋ ለምን 6 አይሆንም?» ብላችሁ ሐኪሙን ስታስጨንቁ ይህ ትዝ ይበላችሁ።

የስኳር በሽታ ማኅበሩ ለነርሲንግ ሆም ያስቀመጠው ከ100 እስከ 200 ነው። አዎ፣ 180 ይሁን ነው የምላችሁ። ስኳርን አጥብቆ የማውረድ ጥቅም የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ጉዳቱ ግን ዛሬ ሌሊት ሊደርስ ይችላል። ይህን ስል ስኳሩ ይለቀቅ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ለቀናት ከ300 በላይ ሲቆይ በሽንት ውሃ ያስጨርሳል፣ ያደክማል፣ እሱም ይገድላል፤ ሐኪም ይጠራበት። ሐኪም የሚጠራበት ዝቅ ያለ ቁጥርም አለ። ከ70 በታች ከሆነ ወዲያው፤ በ70 እና በ100 መካከል ከሆነም የመድኃኒቱ መጠን እንዲታይ ሳይቆይ ሊነገረው ይገባል። የእማማን 104 ሳይ «ጎበዝ» ያልኩት እኔ ነኝ። ከስቶ፣ ኩላሊቱ ደክሞ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ኢንሱሊን ተወግቶ ለሚተኛ ሰው 104 ማለት አፋፍ ላይ ማስተኛት ነው።

ኤዋንሲ ራሱም ሊያታልል ይችላል። የደም ማነስ ባለባቸው፣ ደም በተሰጣቸው፣ ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ የሚወጣው ቁጥር ከእውነተኛው ስኳር ጋር ላይገጥም ይችላል። በዚያ ላይ አማካይ ነው፤ ቀን 300፣ ሌሊት 45 የሚሆን ሰው ወረቀቱ ላይ የሚያምር አማካይ ይወጣለታል።

ስኳሩ ወርዶ ብታገኙት ምን ታደርጋላችሁ? ሰውየው ነቅቶ የሚውጥ ከሆነ 15 ግራም ቶሎ የሚደርስ ስኳር ስጡት፤ ግማሽ ኩባያ ማለትም 120 ሚሊ ሊትር ጭማቂ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከብርቱካን ጭማቂ የፖም ይሻለዋል፤ ብርቱካን ፖታሲየም ይበዛበታል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩት፤ ከ70 ካላለፈ ድገሙት። ሲስተካከል ምግብ ይቅመስ። እኛ ዘንድ ሰው ሲደክም አጥሚት ማፍላት ይቀድማል፤ እናቶቼ፣ አጥሚቱ በኋላ ይድረስ። ቸኮሌትና ኬክም ቅባታቸው ስኳሩን ያዘገየዋል። መዋጥ የሚያስቸግራቸውና የሚጠጡት ሁሉ እንዲወፍር የታዘዘላቸው አዛውንቶች ቀጭን ጭማቂ ትን ሊላቸው ይችላል፤ ለእነሱ የግሉኮስ ጄል ሊኖር ይገባል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይገባም! በጎኑ አስተኙት፤ 911 ይደወል፤ ግሉካጎን ይሰጥ። ግሉካጎን ድሮ በመርፌ ብቻ ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ግን በአፍንጫ የሚነፋም አለ። ግሉካጎን የሚሠራው የጉበትን ጎተራ ከፍቶ ስለሆነ ጎተራው ባዶ ለሆነ ሰው ላይበቃ ይችላል፤ ለዚህ ነው 911 አብሮ የሚደወለው። ስኳሩ የወረደው በእነ ግሊበንክላማይድ ከሆነ ደግሞ ተመለሰ ብላችሁ አትዘናጉ፤ በዚያው ቀንና ሌሊት ደግሞ ሊወርድ ይችላል።

እማማ ሲነጋ ሙሉ በሙሉ ተመለሱ። አጠገባቸው ተቀምጬ «ትናንት ማታ ምን በሉ?» አልኳቸው። ቆየት ብለው «ሁለት ማንኪያ አትክልት» አሉኝ። የመጣላቸው ዶሮና አይብ ነበር፤ አርብ ነው። ታዲያ ለምን አልተናገሩም? «ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ትሪውን ያነሣው ሰው 75 በመቶ ብሎ ጻፈ፤ ኢንሱሊኑ በዚያ ተሰጠ፤ እኔም በዚያ አመንኩ። ሲ.ኤን.ኤ. የሆናችሁ ልጆች፣ ስለ ትሪው የምትጽፉት ቁጥር ስንት ነገር እንደተሸከመ ይህ ያሳያችኋል። 10 በመቶ ከበሉ 10 ብላችሁ ጻፉ።

ጾምን በሚመለከት የምናገረው በአክብሮት ነው። እናቶቻችን ረቡዕና አርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾመው ነው ያረጁት፤ የእስልምና እናቶቻችንም ረመዳንን። ስማቸውን እንኳ መርሳት ሲጀምሩ ጾማቸውን አይረሱም። በሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፤ ነገር ግን ያን ፈቃድ ከነርስ አይቀበሉም። ስለዚህ የንስሐ አባታቸውን፣ ሼሃቸውን አምጡላቸው፤ በአካል ካልሆነም በስልክ አገናኟቸው። ማእድ ቤቱም አርብ ዕለት ምስር፣ ባቄላ፣ ሩዝ ማቅረብ አያቅተውም፤ የሚነግረው ከተገኘ።

የሚነገረው ደግሞ ኬር ፕላን ስብሰባ ላይ ነው። ነርሲንግ ሆሞችን የሚመለከተው የ1987 የፌዴራል ሕግ ነዋሪው፣ እሱ ካልቻለም ወኪሉ፣ በእንክብካቤው ዕቅድ ላይ እንዲገባ መብት ሰጥቶታል። ብዙዎቻችን የስብሰባው ደብዳቤ ሲደርሰን ሥራ አለብን ብለን እንተወዋለን። ሂዱ፣ ካልቻላችሁ በስልክ ግቡ። ፋርማሲስት በየወሩ የእያንዳንዱን ነዋሪ መድኃኒት የማየት ግዴታ አለበት፤ «የእናቴን ሲያይ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ባለፈው ወር ስኳሯ ስንት ጊዜ ከ100 በታች ሆነ?» በሉ። «ክብደቷ ስንት ነው፣ የኢንሱሊኗ መጠን የተወሰነው ስንት ኪሎ ሳለች ነው?» በሉ። የምትበላው የማይታወቅ ከሆነ አጭር ሰዓት የሚሠራው ኢንሱሊን ከበላች በኋላ፣ በበላችው ልክ እንዲሰጥ ሐኪሙን መጠየቅ ትችላላችሁ።

የእማማ ልጅ ወደ ስብሰባው ሄደች። የማታው ኢንሱሊን ተቀነሰ፤ የምሳና የእራቱ ከምግብ በኋላ ሆነ፤ አርብ ምስር ይመጣላቸው ጀመር። ከአንድ ወር በኋላ ይህችው ልጃቸው ደወለችልኝ፤ ድምጿ ተቆጥቷል። «የእናቴ ስኳር 170 ሆኗል፣ ለምን ዝም አላችሁ?» አለችኝ። «ነይ እስቲ» አልኳትና አንሶላቸውን ከሚቀይሩት ልጆች ጋር አገናኘኋት። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ትራሳቸው ርሶ አያውቅም ነበር።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት የስኳር መለኪያዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መውጊያና አዲስ ስትሪፕ አዘጋጅተናል። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ አንድ ጊዜ ለኩ፣ በተለይ ከዚህ በፊት ለክታችሁ የማታውቁ። የጣቱን ጫፍ መካከሉን ሳይሆን ጎኑን ውጉ፣ እዚያ ሕመሙ ይቀላል። እጃችሁን ግን አስቀድማችሁ ታጠቡ፤ ማር ወይም ፍራፍሬ የነካ ጣት የወረደውን ስኳር ደህና አስመስሎ ያሳያል።